አሥራ አራት ዜሮ

እታለም ከጆንያው ክምር ጀርባ ባልዲ ላይ ተጎንብሳ ሳለ ደንበኛ መጣ። ጎረቤቷ ዋፋ አላመነታችም፤ እጇ ላይ የነበረውን ትልቅ ጆንያ እንደ መጋረጃ ዘርግታ ፊቱ ቆመች።

"ባለ መቶ ኪሎ አለ?" አለ ሰውየው።

"አለ። ግን ቆጠራ ላይ ነን፤ ዞር ብለህ ና።"

"ጆንያ ደግሞ ምን ቆጠራ አለው?"

"ባንክ ብቻ ነው እንዴ የሚቆጥረው? ሂድ ወንድሜ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ና።"

ሰውየው እየሳቀ ሄደ። እታለም በነጠላዋ ጫፍ አፏን ጠርጋ ቀና አለች። ጠዋት የቀመሰችው ሁለት ጉርሻ ፍርፍር እንደገባ ወጥቷል። እሱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ የትናንቱ ራትም ሳይፈጭ ተከትሎት መጣ።

ዋፋ ባልዲውን አየችና ራሷን ነቀነቀች። "ሆድሽ መጋዘን ሆነ እኮ! ያስገባል እንጂ አያስወጣም።"

"ይኸው ወጣ አይደል?"

"ይኼማ በመስኮት ነው። በበሩ ነው መውጣት ያለበት።"

እታለም ሳቀች፤ ሳቁ ሆዷን ወጋት። ሁለቱ ሴቶች ምናለሽ ተራ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አሮጌ ጆንያ ሲያራግፉ፣ ቀዳዳውን በመርፌና በሲባጎ ሲደፍኑ፣ ሃምሳ ሃምሳውን አስረው ሲሸጡ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። በነዚህ ዓመታት ዋፋ ያልያዘችላት ነገር የለም። ስኳር በሽታዋ መጀመሪያ ዓይኗን፣ ቀጥሎ እግሯን ነካካ። ከገና ወዲህ ደግሞ ሆዷ ላይ መጣ። ምግብ የሚገፋው ነርቭ ደክሟል ብለዋታል ሐኪሞቹ።

"ዛሬ አይደል ቀጠሮሽ?" አለች ዋፋ። "ይኼን ንገሪያቸው። ያ ደብተር ላይም ጻፊው።"

"እሺ።"

"እሺ አትበይኝ። እስከ ዛሬ ስትጽፊ ከርመሻል?"

እታለም ተነሳች። አፏን ተጉመጠመጠች፤ በፌስታል የጠቀለለችው ደብተር ቀሚሷ ውስጥ መኖሩን ዳበሰችና ወደ ታክሲው አመራች።

ደብተሩ የሆስፒታሉ ነው። ሆዳቸው ምግብ ለማሳለፍ ለዘገየባቸው የስኳር ሕመምተኞች አዲስ መድኃኒት እየተሞከረ ነበር። መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ሕመምተኛው ሁለት ሳምንት ሙሉ በየማታው ስለ አራት ነገር ቁጥር ይጽፋል፦ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ቶሎ መጥገብ፣ የሆድ መነፋት። ዜሮ ማለት ምንም የለም፤ አምስት ማለት አያድርስ ነው። ከሥር ደግሞ "ሌላ አስተያየት" የሚል ባዶ መስመር አለ።

በመጀመሪያው ቀን የፈቃድ ወረቀቱን ያቀረበችላት ሲስተር ጽጌሬዳ የጣት ቀለሙንም አብራ አምጥታ ነበር። እታለም ግን "ቆይ ልጄ፣ አነበዋለሁ" አለች። አራት ገጽ ነው። ቃሉን በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀባት። ሲስተር ጽጌሬዳ የምሳ ሰዓቷ እያለፈ ጠበቀቻት። መጨረሻ ላይ እታለም ስሟን ጻፈች። ወረዳው መሳለሚያ አጠገብ በከፈተው የጎልማሶች ትምህርት ገብታ ፊደል ከቆጠረች ገና ዓመቷ ነው፤ ከዚያ በፊት ዕድሜዋን ሙሉ የፈረመችው በአውራ ጣቷ ነበር።

እና ደብተሩን ስትገልጠው እጇ እምቢ አለ። አፍ የተናገረውን ነፋስ ይወስደዋል፤ የተጻፈ ነገር ግን ተቀምጦ ሰውን ይጠብቃል። በሃምሳ ሦስት ዓመቷ የፈታችውን ፊደል "አስመለሰኝ" ብላ ልትጀምርበት? ደግሞም ልጇ ፀደንያ አለች። ፀደንያ ሐዋሳ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆና ተቀጥራለች፤ የፊታችን ሰኞ ካልተገኘች ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። "ሆድሽ ካልተሻለሽ አልሄድም" ብላለች። በየማታው ከጉዳይም ከጓደኛም ስትመለስ የመጀመሪያ ቃሏ "እማዬ፣ ደብተሩን አሳዪኝ" ነበር። ዜሮውን ስታይ ግንባሯን ትስማታለች። ስለዚህ እታለም ዜሮ ጻፈች። በማግስቱም ዜሮ። "ሌላ አስተያየት" በሚለው መስመር ላይ ደግሞ በየቀኑ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት "ተመስገን" አለች። የአሥራ አራት ማታ ዜሮ፤ የልጇ የሐዋሳ ትኬት።

ዛሬ ሆስፒታል ስትደርስ ሲስተር ጽጌሬዳ የደብተሩን አንዱን ገጽ ገለጠች፤ ቀጥሎ ሌላውን። ከዚያ ሁሉንም በአውራ ጣቷ በፍጥነት አገላበጠቻቸው።

"እትዬ እታለም፣ ሁሉም ዜሮ ነው።"

"አዎ፣ ተመስገን።"

"አንድ ቀን እንኳ አላቅለሸለሽዎትም?"

"ተመስገን ነው ልጄ።"

"እግዚአብሔርማ ሁልጊዜም ይመስገን። እኔ የምጠይቅዎ ስለ ሆድዎ ነው።"

እታለም ነጠላዋን አስተካከለች። ሲስተር ጽጌሬዳ ወጥታ የጥናቱን ሐኪም ዶክተር አሸብርን ይዛ መጣች። ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

"እናቴ፣ ያን ዕለት እንቁላል አብልተን ቱቦ ውስጥ ስናስተነፍስዎ የዋልነው ትዝ ይልዎታል?"

"እንዴት ይረሳኛል! ረቡዕ ነበር፤ የንስሐ አባቴን አስፈቅጄ ነው የበላሁት።"

"ያ እንቁላል ከአራት ሰዓት በኋላም ግማሹ ሆድዎ ውስጥ ነበር። ምርመራው አልወረደም ይላል፤ ደብተርዎ ምንም የለም ይላል። መድኃኒቱ የሚሞከረው ለሚያማቸው ሰዎች ነው። በዚህ ደብተር ጥናቱ ውስጥ ላስገባዎ አልችልም።"

እታለም ዜሮ ሲበዛ ደስ የሚላቸው መስሏት ነበር። እጇን ጭኗ ላይ አጣጠፈች።

"ስኳርዎ ድንገት ወርዶብዎ ያውቃል?" አለ ዶክተሩ ቀስ ብሎ።

"አንድ ጊዜ።" ወለሉን አየች። "ሁለት ጊዜ። ጆንያ እየሰፋሁ ተዝለፈለፍኩ። ጓደኛዬ ስኳር በጥብጣ አጠጣችኝ።"

ዶክተር አሸብር እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "አዩ፣ የሚወጉት የኢንሱሊን መርፌ ሥራውን በሰዓቱ ይጀምራል፤ ምግቡ ግን አልደረሰም። ሆድዎ ውስጥ ቆሟል። ያን ጊዜ ጓደኛዎ አጠገብዎ ባትኖርስ? ተኝተው ቢሆንስ?"

ከኮሪደሩ የሰው ስም የሚጠራ ድምፅ ይሰማል።

"ልጄ በየማታው ታነበዋለች፣ ዶክተር" አለች እታለም። "ሐዋሳ ሥራ አግኝታለች። ካመመኝ አትሄድም። ደግሞ... ጽሕፈት ከተማርኩ ገና ዓመቴ ነው። ክፉ ነገር በገዛ እጄ መጻፍ ከበደኝ።"

ሲስተር ጽጌሬዳ አልሳቀችም። እታለም ድንገት እጇን ወደ ደብተሩ ዘረጋች። "አምጡት፣ አሁኑኑ ላርመው። የትኛው ቀን ስንት እንደነበር አንዱም አይጠፋኝም።"

"አይቻልም እትዬ እታለም" አለች ሲስተር ጽጌሬዳ ደብተሩን በቀስታ ወደ ራሷ እየሳበች። "የተጻፈው እንደተጻፈ ይቀመጣል።"

"አንድ ጊዜ ብቻ እንደ አዲስ መጀመር ይፈቀዳል" አለ ዶክተሩ። "አዲስ ደብተር፣ አዲስ ሁለት ሳምንት። ግን ጥናቱ ውስጥ ለመግባት ብለው ትልቅ ቁጥር እንዳይጽፉብኝ። ለእኔም አይጻፉ፣ ለልጅዎም አይጻፉ። የሆነውን ብቻ። መቶ ሃያ ሰው እንዲህ ይጽፋል። የአንዱ ደብተር ከዋሸ፣ ስለ መድኃኒቱ ለሌላው ሰው የምንናገረውም ይዋሻል።"

ይኼን እታለም ወዲያው ገባት። ከሃምሳ ጆንያ እስር መሃል ገዢ አንዱን መዝዞ ቀዳዳ ካገኘበት፣ የቀሩትን አርባ ዘጠኝ አያምናቸውም።

መርፌውን ግን ዶክተር አሸብር ሁለት ሳምንት አላስጠበቀም። መጠኑንና ሰዓቱን ለወጠ፤ ምግቡ ጥቂት ጥቂት፣ እንደ አጥሚት ቀጠን ያለ፣ ቶሎ ቶሎ እንዲሆን አዘዘ። በወረቀት ጽፎ ሲሰጣት እታለም እዚያው ድምፅ አውጥታ አነበበችለት። አንድ ቃል ላይ ስትቆም እሱም ቆሞ ጠበቃት።

ምናለሽ ተራ ስትመለስ ዋፋ ሁሉንም አስነገረቻት፤ ስለሚሞከረው ክኒን ስትሰማ ግን መርፌዋን አቆመች።

"ቆይ፣ ቆይ። ግማሹ ሰው መድኃኒት ያለው ክኒን ይወስዳል፣ ግማሹ ባዶውን?"

"ይሻል አይሻል የሚለየው እንደዚያ ነው ይላሉ። ማን የቱን እንደወሰደ እኔም አላውቅም፣ ዶክተሩም አያውቅም።"

"ዶክተሩም አያውቅም? ታዲያ እሱ ምን ያውቃል?"

"ደብተሬን ማንበብ።"

"እሱንስ አወቀበት! እኔ ነግሬሽ ነበር ወላሂ። የኔን ቃል ጆሮሽ ሰልችቶት ነው እንጂ።"

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ፀደንያ ለሥራው የጠየቋትን የጤና ምርመራ ወረቀትና አዲስ የገዛችውን ሻንጣ ይዛ መጣች። ሻንጣውን ከነዋጋው ወረቀት ጆንያ ላይ አስቀመጠችና እናቷን አቀፈቻት።

"እንዴት ነበር ሐኪም ቤት? ደብተሩን አሳዪኝ።"

"አዲስ ሰጡኝ። የዛሬውን አልጻፍኩትም።"

"ጻፊው እስቲ፣ ልይልሽ።"

እታለም ደብተሩን ከፌስታሉ አውጥታ ጭኗ ላይ ዘረጋች። የመጀመሪያው ገጽ ንጹሕ ነው። ዜሮ መጻፍ ቀላል ነው፤ እጇም ለምዶታል፤ ከግራ ተነስቶ ዞሮ መጋጠም ብቻ ነው። ሻንጣውን አየችው። ዋፋ ሁልጊዜ የማይዘጋ አፏን ዘግታ እንደ ዳኛ ተቀምጣለች።

ማቅለሽለሽ፣ አራት። ማስመለስ፣ አራት። ቶሎ መጥገብ፣ አምስት። የሆድ መነፋት፣ ሦስት። "ሌላ አስተያየት" የሚለው ላይ ስትደርስ ብዙ ቆየች፤ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመች ጻፈች፦ "ጠዋት ሁለት ጉርሻ በላሁ። ወጣ። ዋፋ ጆንያ ጋርዳ ያዘችልኝ።" ከዚያ ደብተሩን ለልጇ ሰጠቻት።

ፀደንያ አነበበች። ደግማ አነበበች። ጆንያው ላይ፣ ሻንጣው አጠገብ ተቀመጠች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚያስመልስሽ?"

"ከገና።"

"እኔ እኮ በየማታው ሳነበው ነበር፣ እማዬ! በየማታው!"

"አውቃለሁ። ዋሸሁሽ።" እታለም የዶክተሩን ወረቀት አወጣች። "መርፌዬን ቀይሮታል። የምበላውንም ጽፎልኛል። እንቺ።"

"አልሄድም።"

"ትሄጃለሽ። እዚህ ተቀምጠሽ ሆዴን በእጅሽ አትገፊልኝ።"

"እንዴት ብዬ ልመንሽ? እዚያ ሆኜ ዜሮ ብትልኪልኝስ?"

ዋፋ ጉሮሮዋን ጠረገች። "እኔ አለሁ አይደል?"

"እርስዎ ማንበብ አይችሉም፣ እትዬ ዋፋ" አለች ፀደንያ እንባዋን እየጠረገች።

"ፊደሉን ነው እንጂ ቁጥሩን ማን ይበልጠኛል? ቁጥሩንም አውቃለሁ፣ ባልዲውንም አውቃለሁ። ሁለቱ ካልተስማሙ እደውልልሻለሁ።"

ፀደንያ ሳትፈልግ ሳቀች። ወረቀቱን አጥፋ ለእናቷ መለሰችላት፤ ሻንጣውን ግን አልነካችውም።

"እሺ፣ ሰኞ እሄዳለሁ" አለች። "በየማታው የገጹን ፎቶ ትልኪልኛለሽ። አራትም ይሁን አምስት፣ እቀበለዋለሁ። እትዬ ዋፋ ሳይመሰክሩ ዜሮ ያየሁ ቀን ግን አውቶቡስ ተሳፍሬ እመጣለሁ።"

"ቀድሞ ዜሮ ሲሆን እሄዳለሁ ትይ ነበር" አለች እታለም።

"አሁን ዜሮ ሲሆን እመለሳለሁ።"

እታለም ደብተሩን ተቀብላ ፌስታሉን አነሳች፤ ልትጠቀልለው ብላ ተወችው። የጆንያ መርፌዋን አንስታ የደብተሩን ጥግ ወጋችው። ሲባጎ አሳልፋ በሁለት ቋጠሮ አሰረችው፤ ተነስታም መቀሱና መርፌዎቹ በሚንጠለጠሉበት ምሰሶ ላይ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጋ ሰቀለችው።

"ሰው ያየዋል እኮ እማዬ።"

"ይየው" አለች እታለም፤ በተረፈው ሲባጎ እስክሪብቶውን አብራ አሰረችው።