በመኪናው ጩኸት መካከል የተነበበ ምዕራፍ

በሆልሮይድ ፋብሪካ የሽመና አዳራሽ ውስጥ ከሽመና መኪናዎቹ ጩኸት የተነሳ ሰው ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ቢጮኽ፣ ጆሮ ሥር ካልሆነ አጠገቡ ያለው አይሰማውም። ስለዚህ በእንግሊዝ አገር የላንካሸር ሸማኔ ሴቶች የሚያወሩት በከንፈር ነው። ቃሉን ያለ ድምፅ፣ አፋቸውን ሰፋ አድርገው ይቀርጹታል፤ ማዶ ያለችው አይታ ትመልሳለች። ሐሜቱም፣ ምክሩም፣ ስድቡም በዚሁ ያልፋል። ታቢታ ፒሊንግ ደግሞ በዚሁ ልብ ወለድ ታነብላቸው ነበር።

ታሪኩ በየሳምንቱ በመጽሔት ይወጣል። ታቢታ ክፍሉን ቤቷ አጥንታ ትመጣና መኪናዎቿን እየጠበቀች ለሁሉም ትተርከዋለች። የሚያወራው እንደነሱ ስላለ ፋብሪካ ነው፤ የጠዋቱ ደወል እንዳበቃ በሩ ይቆለፋል፣ የዘገየች ሴት ውጭ ቀርታ የግማሽ ቀን ደመወዟን ታጣለች። የከተማው ከበርቴዎች "ደራሲዋ አጋነነች" አሉ። አጋነነች! ሳሎናቸው ውስጥ እሳት ሥር ተቀምጠው የሌላውን ብርድ የሚመዝኑት እነሱ ሆኑና!

ባለፋብሪካው ሆልሮይድ ያን መጽሔት ይዛ የተገኘች ሠራተኛ ትባረራለች ብሎ አውጆ ነበር። ታቢታ ግን ይዛው የምትገባው በጭንቅላቷ ነው፤ ጭንቅላት ደግሞ በር ላይ አይፈተሽም። የምትፈራው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ካቦውን ኢኖክ ረሽተንን። የሸማኔ ልጅ ነው፣ ያደገው መኪና ሥር ነው፤ ከንፈር ያነባል። እስካሁን ምንም አልተናገረም። ለምን ዝም እንዳለ ግን የሚያውቅ የለም።

"አንድ ቀን ይሸጥሻል" ትላት ነበር ዶርካስ ከርሾ፣ ከጎኗ የምትሠራው ሴት።

"ይሽጠኛ! የሚገዛኝ ካገኘ።"

ዶርካስ ትስቃለች። ባለፈው ክረምት ግን ይህችው ዶርካስ ምጥ ይዟት ዘግይታ ደርሳ፣ ከተቆለፈው በር ውጭ በረዶ ላይ ወልዳለች። ሕፃኑ አልተረፈም። እሷም በሳምንቱ ወደ መኪናዋ ተመለሰች፤ ምን ታድርግ?

አንድ ረፋድ ሆልሮይድ የመጽሔቱን ወሬ ሊያጣራ የመጣ የመንግሥት መርማሪ ይዞ ወደ አዳራሹ ገባ። ሚስተር ሌዘም ይባላል፤ ረጅም፣ ጥቂት የሚናገር ሰው ነው። ሆልሮይድ ሰሞኑን ሴቶቹ በመጽሔቱ ታሪክ ሲስቁ አይቶ ነበር። የሳቁት በልብ ወለዱ ውስጥ ያለው ባለፋብሪካ ከነባርኔጣው ቦይ ውስጥ ስለወደቀ ነው። እሱ ግን በደራሲዋ ውሸት የሳቁ መሰለው። የሚስቱን ቅጂ ከኪሱ አውጥቶ ታቢታን ጠራት፤ የሚለውን ሁሉ ከከንፈሩ አነበበችው።

"አንቺ! አንባቢዋ አንቺ ነሽ አሉ። ይህን ቅጥፈት አንብቢላቸውና ሲስቁ እንግዳዬ ይይልኝ።"

"መኪናዎቹ አይቆሙም?" አለ ሌዘም ወደ ሆልሮይድ ጆሮ ጎንበስ ብሎ።

"ለተረት ብዬ ሥራ ላቁም? ኧረ ተዉኝ ጌታዬ! እነዚህ እንደ ከብት እያመነዠኩ ይግባባሉ።"

ታቢታ መጽሔቱን ተቀበለች። አንዴ ዐይኗን ብታንከባልል፣ አንዴ አፏን ብታጣምም አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል፤ ሥራዋም አይነካም። ቤቷ የተኛች እናት አለቻት፤ የምትበላው ከእነዚህ መኪናዎች ነው። ይህን ሁሉ አሰበች። ከዚያ "እንደ ከብት" ያለውን አሰበችና ደሟ ፈላ።

አነበበች። ሴትዮዋ በዝናብ ስትሮጥ፣ ደወሉ ሲያበቃ፣ ቁልፉ ሲዞር። ሴቶቹ እጃቸው ክሩ ላይ ሆኖ ዐይናቸው ከአፏ አልተነቀለም። አንዷም አልሳቀችም።

"ምን እያለች ነው?" ሲል ሌዘም ጠየቀ።

"ካቦዬ ይነግርዎታል። ኢኖክ! ንገረው" አለ ሆልሮይድ፣ በሰውዬው ተማምኖ።

ኢኖክ ወደ መርማሪው ጆሮ ተጠጋ። ታቢታ እያነበበች በዐይኗ ጠርዝ ከንፈሩን ተከተለች። ቃል አልጣለም። አላለሳለሰም። እሷ "ቁልፉ ዞረ" ስትል እሱም "ቁልፉ ዞረ" አለ።

ገጹ አለቀ። ታቢታ መጽሔቱን አጠፈችና ዶርካስን አየቻት። ዶርካስ አገጯን ቀና አድርጋ በከንፈሯ "ንገሪው" አለቻት። ታቢታም ባዶ እጇን ወደ በሩ ዘርግታ ቀጠለች፤ ስለዚህኛው በር፣ ስለ በረዶው፣ ስለ ጩኸቱ፣ ቁልፉን ይዞ በመስኮት ስላየው ስለ ሆልሮይድ።

ሌዘም ፊቱ ተለወጠ። "ይህ ሁሉ መጽሔቱ ላይ አለ?"

"መጽሔቱ ካለቀ ቆየ፣ ጌታዬ" አለ ኢኖክ። "አሁን የምትናገረው የዚህን ቤት ነው።"

ሆልሮይድ የካቦውን ክንድ ያዘ። "ምንድን ነው የምትለው አንተ?"

"እሷ የምትለውን ነው፣ ጌቶች። ንገረው ብለውኝ የለ?"

"መኪናዎቹ ይቁሙ" አለ ሌዘም።

"በማን ፋብሪካ! ጨርቄ—"

ኢኖክ ቀሪውን አልጠበቀም። ሄዶ ዋናውን ማንሻ ሳበው። መኪናዎቹን የሚያዞሩት ቀበቶዎች እያቃሰቱ ዘገዩ፣ አንድ በአንድ ቆሙ። በሥራ ሰዓት ሰምተውት የማያውቁት ጸጥታ በአዳራሹ ወረደ። አንዲት ሴት ስትስል ሁሉም ዞረው አዩዋት።

"እሜቴ፣" አለ ሌዘም ባርኔጣውን አውልቆ፣ "እባክዎ አሁን በድምፅዎ ይንገሩኝ።"

እሜቴ! ታቢታ ነገ እነዚህ መኪናዎች የሌላ ሸማኔ እንደሚሆኑ አላጣችውም። ቢሆንም ጀርባዋን አቀናች፤ ዶርካስ መጥታ አጠገቧ ቆመች።

"ከየት ልጀምር?" አለቻት። የገዛ ድምፅዋን በዚያ አዳራሽ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነው፤ ከጠበቀችው በላይ ጎላ ብሎ ወጣ።

"ከበሩ ጀምሪ" አለች ዶርካስ።

ከበሩ ጀመረች።