ያለ ፈቃድ የተለካ ጊታር

ዶቃታ በሞተ በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ታላቅ ወንድሙ ያታኒ የጭነት መኪና ይዞ መጣና የሟቹን ዕቃ ሰበሰበ። ሞተር ብስክሌቱን ጫነ፤ የእንጨት መብሻውን ጫነ፤ ሁለት አሮጌ ጎማ ሳይቀር ጫነ። በመጨረሻ መኝታ ክፍል ገብቶ ቀዩን ኤሌክትሪክ ጊታር ከግድግዳው አወረደ።

"እሱ የኔ ነው፣ ጋሼ ያታኒ" አለች የሟቹ ሚስት ሀዋኦ።

"ማን ገዛው?"

"ዶቃታ። ለኔ።"

ያታኒ ሳቀ። የክፋት ሳቅ እንኳ አልነበረም፤ ይበልጥ ያናደዳትም እሱ ነው። ሕፃን የማይሆን ነገር ሲናገር እንደሚሳቀው ነበር የሳቀባት። "ለሴት ጊታር የሚገዛ ወንድ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?" አለና በራሷ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ይዞት ሄደ።

ሀዋኦ ሞያሌ ውስጥ፣ በኬንያው በኩል፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪ ናት። ከተማው በስሟ አይጠራትም፤ ትንሽ ትልቁ በስዋሂሊ "ሙዋሊሙ"፣ መምህር፣ ነው የሚላት። ጊታሩን ዶቃታ ከናይሮቢ አውቶቡስ ላይ ታቅፎ ያመጣላት ከስድስት ዓመት በፊት ነበር። እሱ ራሱ አንድ ዜማ መምታት አይችልም። ከሥራ ሲመለስ ጫማውን አውልቆ ወለሉ ላይ ይቀመጥና "ያቺን ድገሚያት እስቲ" ይላታል።

ነገሩን ለሽማግሌዎች አቀረበች። ሽማግሌዎቹ ከሦስት ወር በኋላ ተሰብስበው ሁለቱንም ሰሙ፤ ሻይ ጠጡ፤ ከዚያ አንዱ "ወረቀት አለሽ? ምስክርስ?" አላት። አልነበራትም። ባል ለሚስቱ ቤቱ ውስጥ ስጦታ ሲሰጥ ማን ያስፈርማል? ጊታሩ ለያታኒ ተወሰነ።

ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትመለስ ከያታኒ ይልቅ የተናደደችው በዶቃታ ነበር። ለጓደኞቹ "ጊታሬ" እያለ ሲያወራ ስንት ጊዜ ሰምታ ዝም ብላለች። እንዲያውም ደስ ይላት ነበር። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ በወንድሙ ፊት "የሀዋኦ ነው" ቢል ምን ነበረበት? መቃብሩ ድረስ ሄዳ ልትጮኽበት ቃጥቷት ነበር።

ሌላ ልግዛ አላለችም። ልሥራ አለች። ብትገዛ ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ተነሥቶ "ማን ገዛው?" ይላል። "ማን ሠራው?" ሲሉ ግን መልሱ እጇ ላይ ይኖራል።

መሐዲ ከኢትዮጵያው በኩል መጥቶ ገበያው አጠገብ አልጋና በር የሚሠራ፣ ከተማው "ፉንዲ" የሚለው አናጺ ነው። ሁለቱ የሚግባቡት በአማርኛ ነበር።

"ፉንዲ፣ ጊታር ሠርተህ ታውቃለህ?" አለችው።

"እኔ የማውቀው አልጋ ነው፣ ሙዋሊሙ።"

"ከአልጋ በምን ይለያል?"

መሐዲ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ። "አልጋ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ቢዛነፍ ተኝተሽበትም አታውቂው። ጊታር ግን ይናገርብኛል። ልኩን አምጪልኝ፤ እንጨቱን እኔ አላጣም። ያለ ልክ ግን መጋዝ አላነሣም።"

የተማሪዎቿን ትንንሽ ካሬ የተሰመረበት ወረቀት አራቱን በማጣበቂያ አያይዛ መንደፍ ጀመረች። አንገቱ ላይ የሚደረደሩት ቀጫጭን የብረት ዘንጎች እንዴት እንደሚራራቁ ከስልኳ አነበበች። የክሩን ርዝመት ለ17.817 ታካፍላለህ፤ የደረሰህን ያህል ርቀህ የመጀመሪያውን ዘንግ ታስቀምጣለህ፤ የቀረውን እንደገና ታካፍላለህ፤ እስከ ሃያ ሁለተኛው ዘንግ ድረስ። ይህ ለሒሳብ አስተማሪ ምንም አልነበረም። እርሳሷን እየተጫነች ሁለት ጊዜ ሰብራ በአንድ ከሰዓት ጨረሰችው። ክሮቹን፣ መወጠሪያዎቹንና ከክሮቹ ሥር ሆኖ ድምፁን የሚለቅመውን ማግኔት ከናይሮቢ በአውቶቡስ ማስመጣት ይቻላል። ያቃታት ሌላ ነው። አንገቱ ምን ያህል ይወፍራል? ለማግኔቱ የሚቦረቦረው ጉድጓድ ምን ያህል ይጠልቃል? አንገቱና ገላው በምን ያህል ዘንበል ብለው ይገናኛሉ? ስድስት ዓመት ሙሉ በእጇ ስታውቀው የኖረችውን ነገር በቁጥር አታውቀውም።

ማስመሪያዋን ይዛ ያታኒ ቤት ሄደች።

"አንድ ሰዓት ብቻ ልለካው፣ ጋሼ። ከግቢ አላወጣውም።"

"ለምንሽ?"

"ልሠራ ነው።"

አሁንም ሳቀ። "ሙዋሊሙ፣ ባል ብታገቢ ይሻልሻል።"

ቤቷ እስክትደርስ በእግሯ ሄደች። ሁለት ባለ ሞተር ብስክሌቶች ላድርስሽ ብለው ሲቆሙላት አለፈቻቸው።

በሦስተኛው ሳምንት፣ እሑድ ከሰዓት፣ ያታኒ ራሱ በሯን አንኳኳ። ብርድ ልብሷን፣ ውስጡም ጊታሩን ይዟል።

"ድምፅ አልሰጥ አለ" አላት ሳይቀመጥ። "ቅዳሜ ሶሎሎ ከተማ ሠርግ አለ፤ ለተጫዋቾቹ ላከራየው ቃል ገብቻለሁ። ሬዲዮ ጠጋኙም አልገባኝም አለ። አንቺ ጠባዩን ታውቂዋለሽ።"

የመጀመሪያ ሐሳቧ በሩን ፊቱ ላይ መዝጋት ነበር። ሁለተኛው ሐሳብ ሲመጣ እጇ መዝጊያውን ይዞ ነበር። ለቀቀችው።

"ይተዉት" አለችው። "ረቡዕ ይምጡ።"

ብልሽቱ አንዲት የተበጠሰች ሽቦ ነበረች። ገመዱን ያለ ርኅራኄ የጎተተው ሰው አለ። በተዋሰችው መበየጃ አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። ከዚያ ጭኗ ላይ አስቀመጠችውና አንድ ዜማ ጀመረች፤ ገና ከግማሹ ሳይደርስ የጣቶቿ ጫፍ ተላጠ። በአምስት ወር ውስጥ ቆዳዋ ለስልሶ የጀማሪ እጅ ሆኗል። ይህንንም ወስዶብኛል አለች በልቧ፤ ጊታሩን አልጋው ላይ አኑራ ክፍሉ ውስጥ ስትንጎራደድ ቆየች።

በማግስቱ መሐዲ መለኪያዎቹን ይዞ መጣ። ክሮቹን ፈቱ፤ አንገቱን ከገላው ነጠሉ፤ ሁሉንም ለኩ። እሷ ቁጥሩን ትጠራለች፤ መልሳ ራሷ ትጽፋለች። ገላውን ወረቀቷ ላይ ዙሪያውን ሳለችው፤ መሐዲም ባመጣው ስስ ጣውላ ላይ ሳለው። ሲጨርሱ መሐዲ እየፈራ "ሙዋሊሙ፣ አይሠራም ብትዪውስ? ማን ያውቃል? እዚሁ ይቅር" አላት።

ሳታስብበት ቀርታ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ያሰበችው እሱን ነው። "ዋሽቼ ካስቀረሁት" አለችው "ያን ጊዜ በእውነት የሰው ጊታር ሰረቅሁ ማለት ነው። ይሄን ደስታ ለያታኒ አልሰጠውም።" መልሰው ገጠሙት።

ረቡዕ ያታኒ መጣ። ጊታሩን ቤቷ የቀረው አምፕሊፋየር ላይ ሰክታ አንድ ጊዜ አሰማችውና ነቅላ ሰጠችው። ሊወጣ ሲል ዓይኑ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ትልቅ ወረቀት ላይ ዐረፈ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የጊታር ንድፍ።"

"የማን ጊታር?" ቀረብ ብሎ የቀይ ጊታሩን ቅርጽ አወቀው። "ያለ ፈቃዴ ለካሽው? አምኜ ብተውልሽ?" ወረቀቱን ከግድግዳው ገንጥሎ ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት ቀደደው።

ከሀዋኦ ራሷ የማታውቀው ጩኸት ወጣ። "አንተ!" አለችው። በጋብቻ ከተዛመዱ ጀምሮ አንተ ብላው አታውቅም። "ዕቃዬን ከቤቴ ወሰድክ። ሳቅክብኝ። ባል አግቢ አልከኝ። አሁን ደግሞ ወረቀቴን ቀደድክ! ቅደደው! ቁጥሩ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው፤ ቅርጹ መሐዲ ጋ ነው። ሄደህ እሱንም ቅደድ!"

እየገፋችው በር ላይ ደርሰዋል። ውሃ በአህያ የሚያመላልሰው ሰውዬ ቆሞ ያያል፤ ጎረቤቶች ወጥተዋል። ከእነሱ አንዷ ሮዝ ናት፤ ከሀዋኦ ቤት ጋር ግድግዳ የምትጋራ አትክልት ነጋዴ። ሮዝ መጎናጸፊያዋን እያስተካከለች ወደ ፊት መጣች።

"የእሷ ነው" አለች። "ዶቃታ ሲሰጣት እኔ እዚያ ነበርኩ። በሩ ላይ ቆሜ፣ 'ይሄ ያንቺ ነው፣ ሀዋኦ' ሲላት ሰምቻለሁ።"

ያታኒ አንዴ ሮዝን አንዴ የተሰበሰበውን ሰው አየ። "ዛሬ ነው ትዝ ያለሽ?" አላትና ጊታሩን አንግቦ ሄደ። የሚያስቆመው ሰው አልነበረም።

ሀዋኦ ግን እሱን መከተሉን ትታ ወደ ሮዝ ዞረች።

"አምስት ወር ሙሉ የት ነበርሽ?"

"ፖሌ፣ ሀዋኦ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ማንም አልጠየቀኝም።"

"ማንም አልጠየቀኝም? ምስክር የለኝም ብዬ ስመለስ በዚህ ግድግዳ በኩል ስጮህ አልሰማሽኝም?"

"የወንድማማች ነገር ነው ብዬ ፈራሁ።" ሮዝ አለቀሰች። "ሽማግሌዎቹ ጋ አሁን አብረን እንሂድ።"

"አንቺ ሂጂ። እኔ አንድ ጊዜ ሄጄ ለምኛለሁ።"

ቅዳሜ ጠዋት ጊታሩ ሶሎሎ ሠርግ ላይ ሲመታ ሀዋኦ መሐዲ ቤት ነበረች። መሐዲ በደንብ የደረቀ ወፍራም ጣውላ መርጦ ቅርጹን ስሎበታል። ልቆርጥልሽ ቢላት መጋዙን ከእጁ ወሰደች። ከመናደዷ የተነሣ ተጭና ስለሳበችው ጥርሱ ከመስመሩ ወጣና ጣውላው ጠርዙ ላይ ተሰነጠቀ።

"በጉልበት አይደለም፣ ሙዋሊሙ" አላት መሐዲ፤ ሌላ ጣውላም አመጣ።

ሁለተኛውን ቀስ ብላ ጀመረች። ክንዷ ሲዝል መስመሩ መቃናት ጀመረ፤ ልቧ ግን አልቀዘቀዘም። ፀሐይ ቆርቆሮው ላይ ስትበረታ ሮዝ አቧራ ለብሳ በሩ ላይ ቆመች።

"ነገርኳቸው" አለች። "ሁሉንም። ሐሙስ እንደገና እናየዋለን፣ ሀዋኦ ትምጣ ብለዋል።"

ሀዋኦ ቀና አላለችም። "ሐሙስ አንገቱን ነው የምንሠራው።"

"ጊታርሽን ሊመልሱልሽ እኮ ነው!"

መሐዲም ጣልቃ ገባ። "ሂጂ እንጂ። ሁለት ጊታር ቢኖርሽ ምን ይጎዳሻል?"

መጋዙ ቆመ። ሀዋኦ ፊቷ ላይ የተነሰነሰውን የእንጨት ብናኝ በክርኗ ጠረገች።

"እሄዳለሁ" አለች። "አንገቱ ሲያልቅ እሄዳለሁ። እኔ አምስት ወር ቆይቻለሁ፤ እነሱም ትንሽ ይቆዩ። እንደዚያ ብላለች በያቸው።"

ሮዝ መልሱን ይዛ ከመሄዷ በፊት ጥቂት ቆመች፤ የምትጨምረው ነገር ይኖራል ብላ ጠበቀች። ሀዋኦ ግን ጎንበስ ብላ መስመሩን በጣቷ ፈለገችና መጋዟን ሳበች።