አሥራ ስድስተኛው ቅጂ

«በል አሁን ልጅቷን አስገባት» አለ ራፐሩ ባሩድ፣ ከመስታወቱ ማዶ ማይኩን ለቆ ላቡን እየጠረገ።

ልጅቷ የምትገባው በበር አይደለም። ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው ያለችው፤ ሁለት ሰከንድ የማትሞላ የአራት ዓመት ሕፃን ድምፅ ናት፦ «አባዬ፣ ድገመው!» እሷ ከተሰማች በኋላ ከበሮው ይወርዳል። በሙያው ታግ ይሉታል፣ ሙዚቃውን ማን እንደሠራው የሚናገር ማኅተም ማለት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከዚህ ስቱዲዮ የወጣ የራፕ ዘፈን ሁሉ በዚህች ድምፅ ነው የጀመረው። ፕሮዲዩሰሩንም ሰዉ እናቱ ያወጣችለትን ስም ትቶ «ድገመው» እያለ ይጠራዋል።

እሱም ወዶታል። ምን ያስዋሻል፣ በጣም ወዶታል! ታክሲ ውስጥ ይሁን ባንክ ቤት፣ አንዱ «ድገመው!» ካለ ቀኝ እጁ ሳያዘው ብድግ ይላል፤ ሁለት ጣት አሳይቶ ፈገግ ይላል። እንቅልፍ ላይ ሆኖ ቢጠሩት እንኳ እጁ ቀድሞት የሚነሳ ይመስለኛል።

ዛሬ ጣቱ ቁልፉ ላይ እንዳለ ስልኩ ጮኸ።

«የተማሪዋ አባት ነዎት? ከትምህርት ቤት ነው፤ ዩኒት ሊደሯ ነኝ። አሁኑኑ ቢመጡ ጥሩ ነው።»

«ምነው፣ አመማት እንዴ?»

«አላመማትም። አትናገርም።»

ጃኬቱን ሲያነሳ ባሩድ አየውና ዓይኑ ፈጠጠ። «ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ይለቀቃል ብዬ ለሕዝብ ተናግሬያለሁ። እንዳታዋርደኝ!»

«ከሰዓት ጨርሼ እልክልሃለሁ» ብሎት ወጣ።

የትምህርት ቤቱ ጥበቃ በሩን ሳይከፍት በፊት ነው ያወቀው። «ድገመው! የኛ ሰው!» ብሎ ጮኸ። እጁም እንደ ልማዱ ብድግ አለ፣ ሁለቱ ጣቶች ወጡ፣ ፈገግታውም መጣ። ሴት ልጁ ከቢሮው ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። አየችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እጁን ሲያወርድ የሚያደርግበት ቦታ ጠፋው።

ዩኒት ሊደሯ መነጽር ያደረጉ፣ ብዙ ዓመት ያስተማሩ ሴት ነበሩ። «ሦስት ሳምንት ሆናት» አሉት። «ስም ሲጠራ እንኳ እጇን ነው የምታወጣው። አቤት አትልም።»

«ቤት ትናገራለች እኮ» አለ ፈጠን ብሎ። ወዲያው ግን ምን እንደምትናገር ማሰብ ጀመረ። «በላሁ» ትላለች። «በሩን ዝጋው» ትላለች። «አባዬ» ካለችውስ? ዘጠነኛ ክፍል ከገባች ወዲህ ብላው ታውቃለች? ሰባተኛስ ሳለች? ማስታወስ አቃተው።

«ምክንያቱን ነግራችኋለች?»

«አትናገርም እያልኩዎት፣ እንዴት አድርጋ ትንገረን! ጓደኛዋ ናት የነገረችን።» መነጽራቸውን አወለቁ። «የዘፈኑ ሕፃን እሷ መሆኗን ካወቁ ወዲህ፣ አፏን ስትከፍት ክፍሉ በሙሉ ድምፁን እንደ ሕፃን አቅጥኖ፣ ያቺን ዘፈን ላይ ያለችውን ነገር ይላል። የመጀመሪያ ቀን መምህሩም ስቋል፣ አልዋሽዎትም። በኋላ ቀጣን። ግን ሃምሳ አንድ ልጅ በአንድ ጊዜ እንዴት ይቀጣል? ነገ ደግሞ የቃል ፈተና አለባት፤ ክፍሉ ፊት ቆማ አምስት ደቂቃ መናገር አለባት። ካልተናገረች ዜሮ ነው፣ ዓመቱ ተበላሸባት ማለት ነው።»

«እዚህ ቢሮ፣ እርስዎ ፊት ብትፈተንስ?»

«ለምኜ ነበር። ደንቡ ክፍል ፊት ነው የሚለው። እርስዎ ግን ያንን ድምፅ ማስጠፋት አይችሉም?»

በሐሳቡ ቆጠረ። ከሁለት መቶ ዘፈን በላይ ነው። በየስልኩ፣ በየፀጉር ቤቱ፣ በየሚኒባሱ፣ በየሰርጉ ገብቷል። «ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ምን ላድርግ?» አለ።

«ከአፏ ያወጣው ማን ሆነና?»

«ራሷ ናት እንጂ!» አለና የለመደውን ታሪክ ጀመረ። በየሬዲዮው ስለተናገረው ምላሱ ብቻውን ያወራዋል፤ ጭኑ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ሙዚቃው ሲያልቅ አጨበጨበች፣ ማንም ሳይነግራት ከደስታዋ ብዛት «አባዬ፣ ድገመው!» አለች፣ ማይኩም እንዳጋጣሚ ክፍት ነበር። ሴትየዋ እስከ መጨረሻው ሰሙት እንጂ አልሳቁለትም።

መኪናው ውስጥ ልጁ ቀበቶዋን አሰረች። ሁለት መብራት አለፉ።

«ውሸት ነው» አለች በሦስተኛው።

«ምኑ?»

«በራሷ አለች ያልከው። የቢሮው በር ክፍት ነበር፣ ሰምቼሃለሁ። አስለቅሰኸኝ ነበር።»

«አንቺ ልጅ፣ አራት ዓመትሽ ነበር እኮ! ምኑን ታስታውሺዋለሽ?»

«ጠምቶኝ ነበር።»

ከኋላ ያለው መኪና ክላክስ አደረገበት። መብራቱ አረንጓዴ ከሆነ ቆይቷል።

«አዲሱ ዘፈን ላይ አታስገባኝ» አለች ቤት ሲደርሱ።

«የኔ ልጅ፣ ሁለት መቶው ወጥቶ አንዱ ቢቀር ለነገ ምን ይጠቅምሻል?»

«እንደማይጠቅመኝ አውቃለሁ። አታስገባኝ ነው ያልኩህ።»

«እሺ» አላት። ወላጅ ልጁን ዝም ለማሰኘት የሚላት «እሺ» ነበረች። እሷም ለይታ አውቃታለች፤ በሩን ሳትዘጋ ነው የወረደችው።

ስቱዲዮ ሲመለስ ባሩድ ወጥቶ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ሥራ ሊጀምር ሲል ያች «ጠምቶኝ ነበር» ያለችው ነገር አላስቀምጥ አለችው። ተነስቶ የተበጣጠሱ ገመዶች የሚጣሉበትን ካርቶን ገለበጠ። ከሥሩ አሮጌው ሃርድ ዲስክ አለ። ከዓመታት በፊት ከዚህ ውስጥ ሁለት ሰከንዷን ቆርጦ ከወሰደ ወዲህ ከፍቶት አያውቅም። ፋይሉ ሃያ ሰባት ደቂቃ ይላል። ሃያ ሰባት? ታሪኩ እኮ የአንድ ደቂቃ ታሪክ ነበር።

ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገና ከፈተው። መጀመሪያ የመጣው የራሱ ድምፅ ነው፣ ወጣት፣ ችኩል።

«በይ የኔ ማር፣ 'አባዬ፣ ድገመው' በይ።»

«አባዬ ድገመው።»

«እንደሱ አይደለም፣ ጮክ ብለሽ። ደስ ብሎሽ።»

በአራተኛው ላይ ልጅቷ ሳቀች። በሰባተኛው «አባዬ፣ ውሃ» አለች። «አንዴ ብቻ፣ ከዚያ ውሃ» አላት። በዘጠነኛው «እማዬ ጋ ውሰደኝ» አለች። በአሥራ ሁለተኛው ማልቀስ ጀመረች፤ ያ ወጣት ደግሞ ከቁጣ ባልራቀ ድምፅ «ካለቀስሽ አንሄድም» ሲላት ይሰማል። አሥራ ስድስተኛው ላይ ሕፃኗ ባላት ጉልበት ሁሉ ጮኸች፦ «አባዬ፣ ድገመው!» መጨረሻው ላይ ድምፅዋ ስንጥቅ ይላል። ሰዉ ሁሉ የወደደው ያንን ስንጥቅ ነበር፤ የደስታ ነው እያለ እሱም በየቃለ መጠይቁ አስረድቷል። ከዚያ ጭብጨባ፣ «ጎበዝ! ጎበዝ!»፣ ከጭብጨባው ሥር ደግሞ አንዲት ቀጭን «ውሃ»። እዚያ ላይ ቅጂው ተቋረጠ።

አፈረ። ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ጆሮው እስኪግል አፈረ። ይቅርታ ጠይቆ እንዳይመልሰው ደግሞ ነገሩ ሁለት መቶ ጊዜ አገር አዳርሷል።

ዘፈኑን ያለ ልጅቷ ጨርሶ ላከ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ባሩድ ደወለ።

«ልጅቷ የታለች?»

«አትገባም።»

«ቀልዱን ተው እንጂ!»

«ልጄ ናት፣ ባሩድ። ክፍል ውስጥ እየሳቁባት አፏ ተዘግቷል። አልፈልግም ብላኛለች።»

ባሩድ ክፉ ሰው አይደለም። «ያሳዝናል፣ ወንድሜ» አለ ቀስ ብሎ። «እግዜር ያውቃል ያሳዝናል። ግን ሰዉ እሷን ካልሰማ የሌላ ሰው ሥራ ነው ይላል።» ተሰናብቶት ዘጋ። እሱም ነገሩ ለባሩድ የገባው መስሎት ቀለል አለው።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሳሎን ቁጭ ብሎ ስልኩን ከፈተ። ዘፈኑ ተለቋል። «አባዬ፣ ድገመው!» አለ ስልኩ። ከበሮው ወረደ።

ወዲያው ለባሩድ ደወለ። «ምን አደረግክ?»

«ካምናው ዘፈን ላይ ቆርጬ ለጠፍኳት» አለ ባሩድ። «ምን ላድርግ? ያስለመድከን አንተው ነህ።»

«አውርደው!»

«ሃያ ሺህ ሰው ሰምቶታል፣ ወንድሜ። የቱን ላውርደው?»

ስልኩን ዘጋው። የልጅቷ እናት ሆስፒታል ተረኛ ናት፣ የሚማከረው ሰው የለም። ሄዶ የልጁን በር አንኳኳ። አልጋዋ ላይ ለነገ የጻፈችውን ወረቀት ይዛ ተቀምጣለች። ስልኳ አጠገቧ በፊቱ ተደፍቷል።

«እኔ አላስገባሁሽም ነበር» አላት። «እሱ ነው ከድሮው ቆርጦ የለጠፈው።»

«እሺ።»

«ማልልሻለሁ።»

«እሺ አልኩህ እኮ።»

በሩን ተደግፎ ቆመ። «ያንን ቅጂ ዛሬ ሰማሁት። አሥራ ስድስት ጊዜ ነው ያስባልኩሽ። ታለቅሺ ነበር። እውነትሽን ነው።»

ቀና ብላ አየችው። ደስ ያላትም ያዘነችም አትመስልም። «ውሃ ጠይቄህ ነበር?»

«አዎ።»

«ሰጠኸኝ?»

«ሰጥቼሻለሁ» የምትለው ቃል ከንፈሩ ላይ ደርሳ ነበር። «አላውቅም» አለ። «ቅጂው እዚያ ላይ ያልቃል።»

ወረቀቷን ማንበብ ቀጠለች፣ ድምፅ ሳታወጣ።

በነጋታው በእግር አብሯት ሄደ። የትምህርት ቤቱ አጥር ሥር የቆሙ ልጆች አዲሱን ዘፈን ከፍተው ትከሻቸውን ይንጣሉ። ጥበቃው ከሩቅ አየውና፣ «ድገመው! ትናንት ማታ ቀወጥከው እኮ!» አለ። እጁ ተነሳ። ደረቱ ጋ ሲደርስ ልጁ ፊቱን ሳይሆን እጁን እያየች መሆኗን አየ። መለሰና ኪሱ ከተተው።

«ደህና አደሩ፣ አባቴ» አለው ጥበቃውን።

«ምነው፣ ኮራህብን?»

ልጁ ዘወር ሳትል ደረጃውን ወጣች። ክፍሏ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ መስኮቱ ክፍት ነው። እሱም የጥበቃው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ደወሉ ተደወለ። ትንሽ ቆይቶ ከመስኮቱ ሃምሳ አንድ ቀጭን ድምፅ አንድ ላይ ወረደ፦ «አባዬ፣ ድገመው!» ብድግ አለ። የት እንደሚሄድ ግን አያውቅም። መምህሩ ጠረጴዛ ሲደበድብ ተሰማ፣ ከዚያ ጸጥ አለ።

ጆሮውን አቀና። እንጀራው መስማት ነው፤ የአንዲት የጊታር ክር ዝገት ከመቶ ድምፅ መሃል ለይቶ ያወጣል። ከዚያ መስኮት ግን ትናገር ወይ ዝም ትበል፣ ምንም አይሰማውም።

ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይነዝራል፤ ባሩድ ነው። ሳያየው አጠፋው።

«ሥራ አትገባም እንዴ ዛሬ?» አለ ጥበቃው።

«እስክትወጣ እጠብቃለሁ።» ወደ መንገዱ ማዶ ተመለከተ። «አባቴ፣ ያ ሱቅ የታሸገ ውሃ ይኖረዋል?»

«አያጣም።»

መንገዱን ተሻገረ። አንድ ውሃ ገዝቶ ተመለሰና በሁለት እጁ ይዞት በሩ ላይ ቆመ።