አሜን ያላልኩበት ምርቃት

የጥቅምት ኪዳነ ምሕረት ዕለት የማኅበሩ ተራ የእኛ ቤት ነበር። ጽዋው ገና መዞር ሳይጀምር አባቴ ሣህሉ ተነሥቶ፣ "ልጄ ሔራን ማስተርስ ደርሷታል፤ የምዝገባው ቀን ሰኞ ያበቃል፤ መርቁልኝ" አለ። እኔን ሳይጠይቅ። በማኅበር ፊት የተለመነ ምርቃት ደግሞ ተዉት አይባልም። አውቆ ነው ያደረገው፤ እስከ ዛሬም አውቆ ነው ባይ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ያመለከትኩት እዚሁ ባሕር ዳር የዓሣ ጥናት ለመማር ነበር። የሚቀበሉት ስምንት ሰው ነው፤ እኔ ዘጠነኛ ወጣሁ። ሁለተኛ ምርጫ ላይ "የልማት አስተዳደር" ብዬ የሞላሁት ቅጹ ክፍት ቦታ አልቀበልም ስላለኝ ብቻ ነው። እሱ ደረሰኝ፤ ሁለት ቀን በአውቶቡስ በሚያስኬድ ከተማ።

እኔና አስተዳደር ምን አገናኘን? ለመመረቂያ ጽሑፌ አንድ ክረምት ሙሉ ወንዛዬ ፍል ውኃ አጠገብ ጉማራ ወንዝ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገብቼ፣ ለመራባት ከጣና የሚወጡትን ዓሦች ስቆጥር ከርሜያለሁ። ወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል። ስንቱ አልፎ ስንቱ እንደሚቀር የጠየቅኩት ሰው ሁሉ በግምት ነው የመለሰልኝ። እኔ በትክክል ማወቅ እፈልጋለሁ። ሌላ ትልቅ ሕልም የለኝም።

የማኅበሩ መሪ መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ሲነሡ ቤቱ በሙሉ ተነሣ። እኔም ወግ ነውና መሐል ገብቼ አንገቴን ደፋሁ።

"ትምህርቱን ይግለጽልሽ" አሉ።

"አሜን" አለ ቤቱ።

"በሄድሽበት አገር ሞገስ ይስጥሽ።"

"አሜን።"

እኔ ዝም። መሪጌታ ዕድሜያቸውን ሁሉ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከብዙ ድምፅ መካከል የጎደለውን አንዱን ለይተው ያውቃሉ። ምርቃቱን አቆሙ።

"የምትመረቀው ልጅ አሜን አላለችም።"

"አልልም፣ የኔታ" አልኩ። "እርስዎን ንቄ አይደለም። ግን አልሄድም። ከርሞ እዚሁ እንደገና እፈተናለሁ።"

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። ጎረቤታችን እትዬ ምሥጋና፣ "ማስተርስ ማስተርስ ነው፤ ምን ታማርጣለች?" አሉ። ነደደኝ።

"እትዬ፣ በርበሬ ፈልገው ገበያ ሄደው ጨው ቢመዝኑልዎ ይዘው ይመለሳሉ?"

አንዳንዱ ሳቀ። አባቴ ግን ፊቱ ጠቆረ። መሪጌታ፣ "አሜን ያልተባለበት ምርቃት አይጸናም። ሣህሉ፣ ይህ የቤትህ ጉዳይ ነው፤ ከልጅህ ጋር ጨርስ" ብለው ዳቦውን ወደ መቁረሱ ሄዱ።

አባቴ ጓሮ ይዞኝ ወጣ። የሚጮህብኝ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር።

"ከርሞም ባይቀበሉሽስ?" አለ ቀስ ብሎ።

"ለሌላው ዓመት እሞክራለሁ።"

"እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር።" አጥሩን ተደገፈ። "በሰማንያ ስድስት የመምህራን ማሠልጠኛ ደርሶኝ ተውሁት። ሐኪም ካልሆንሁ ብዬ። ሦስት ዓመት በግል ተፈተንሁ፤ ሦስቱንም ወደቅሁ። ከዚያ ፋብሪካ ገባሁ።"

ሃያ ሦስት ዓመት አንድ ቤት ስንኖር ይህን ነግሮኝ አያውቅም። ፋብሪካውን ወዶ የገባበት ይመስለኝ ነበር።

"ይቆጭሃል?"

"ጠዋት ጠዋት ሰርቪስ ላይ በወጣሁ ቁጥር። አንቺም እንደኔ እንድትሆኚ አልፈልግም።"

ፈራሁ፤ አልዋሽም። ትክክል ቢሆንስ ብዬ አሰብኩ። አዘንኩለትም። ግን ፍርሃቱ ሐሳቤን ከማላላት ይልቅ እልክ አስያዘኝ።

"አባዬ፣ እዚያ ሄጄ ቢቆጨኝ ባንተ ነው የማሳብበው" አልኩት። "እዚህ ቀርቼ ቢቆጨኝ ግን ቁጭቱ የራሴ ነው። የራሴን ተውልኝ።"

ወደ እንግዶቹ ተመለሰ። ቅዳሜም እሑድም አላናገረኝም።

ሰኞ ከሥራ ቀደም ብሎ መጣ። እኔ የምዝገባውን ገጽ ስልኬ ላይ ከፍቼ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጫለሁ። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ተመዝገቢም አላለኝ፣ ተዪውም አላለኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሞላ ገጹ ተዘጋ።

"ከርሞ ብትወድቂ" አለ ስልኩን እያየ፣ "እንዳትነግሪኝ።"

"እነግርሃለሁ" አልኩት። "ውጤቱ በወጣበት ሰዓት መጥቼ እነግርሃለሁ።"