ጡሩምባ ያልተነፋለት

ኑ እስቲ፣ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። በሩን ገርበብ አድርጉት፣ ካፊያው እንዳይገባባችሁ። የበላይነሽን ነገር ልንገራችሁ፤ ክረምትም ስለሆነ ይገባችኋል።

እዚህ እኛ ኮልፌ ማለዳ የእድር ጡሩምባ ሲነፋ ሰው ሁሉ ያማትባል፣ ማን ይሆን ብሎ ጆሮውን ይጥላል። በላይነሽ ግን ላስቲኳን ትጠቀልል ነበር። ክፉ ሆና አይደለም። ወደ ሳንሱሲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአንድ የተዘጋ ሱቅ ግንብ ሥር ነው የምታድረው፤ ላስቲኳንም ከቆሼ የቆሻሻ ክምር ነው የለቀመችው። ለእሷ ጡሩምባ ማለት ድንኳን ነው። ድንኳን ደግሞ ሦስት ቀን የማያፈስ ጣራ፣ እፍኝ ንፍሮ፣ ቁራሽ ዳቦ። ለቅሶ የመጣን ሰው "አንተ ማነህ?" የሚለው የለም፤ ወጋችን ነው። እሷም ዝም ብላ አትበላም። የራሷን ሙታን እያሰበች ከልቧ ታለቅሳለች፣ ሲመሽ ዕቃ ታጥባለች።

በዚያ ክረምት ግን የምትጨነቀው ለራሷ አልነበረም። አብሯት የሚያድር ዱባለ የሚባል ሽማግሌ ነበር። ዝምድና የላቸውም። ድሮ አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ተከራይተው ይኖሩ ነበር፤ ግቢው ሲፈርስ አከራዩ ልጁ ዘንድ ገባ፣ እነሱ መንገድ ላይ ቀሩ። ዱባለ ዕድሜውን በተሸካሚነት ጨርሶታል። አሁን ደረቱ ተበላሽቶ፣ ሲስል ግንቡም አብሮት የሚስል ይመስል ነበር። ጤና ጣቢያ ብትወስደው "እርጥበት እንዳያገኛቸው" ብለው መለሷት። በሐምሌ፣ ላስቲክ ሥር ለሚያድር ሰው።

አንድ ማለዳ የጡሩምባ ነፊው የወልደ አማኑኤል ድምፅ ተሰማ። አቶ መሸሻ አርፈዋል።

"አባባ ዱባለ፣ ይነሱ። ድንኳን ተገኘ።"

"ማን ሞተ?"

"አቶ መሸሻ፣ ባለወፍጮው።"

"ወይ ጉድ። ቤት ያለው ሰው ምን አጣድፎት ነው በዚህ ዝናብ የሚወጣው?" አለና ሳቁ ወደ ሳል ዞረበት።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ምሰሶው አጠገብ አስቀመጠችው። ጣራው ባያፈስም ጎርፉ ከሥር ይሰርግ ነበር፤ ሳሉ ባሰበት። ቤት ውስጥ፣ ዘመድ የሚቀመጥበት ፍራሽ ተነጥፏል፤ ደረቅ ነው። በላይነሽ ፍራሹን አየች፣ ሽማግሌውን አየች፣ የማይሆን ነገር ከአፏ ወጣ። የሟቹን ልጅ እፀገነትን ጠጋ ብላ፣ "እኚህ አባት እኮ የአባትሽ የልጅነት ጓደኛ ናቸው" አለቻት።

እፀገነት እጁን ይዛ አስገባችው፣ ብርድ ልብስ ደረበችለት። ሳሉ ጋብ አለ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰደው። በላይነሽም በሩ ላይ ቆማ ተመስገን አለች።

በማግስቱ ልጅቱ ባበጠ ዓይኗ እያየችው አጠገቡ ቁጭ አለች።

"አባባ፣ አባቴ ልጅ ሳለ ምን ዓይነት ነበር? ስለ ልጅነቱ አውርቶልን አያውቅም።"

ዱባለ ብርድ ልብሱን ከትከሻው አወረደ።

"ልጄ፣ አባትሽን አላውቃቸውም። ዝናብ ነው ያመጣኝ።"

ከእድሩ ሰዎች አንዱ፣ "የሰው ሐዘን መቀለጃ አደረጋችሁት?" ብሎ ተነሳ። እፀገነት ቀና አላለችም። ዱባለ ብርድ ልብሱን አጥፎ ፍራሹ ላይ አኖረና ወጣ።

"ምን ነበረበት ዝም ቢሉ?" አለችው በላይነሽ ውጭ፣ ላስቲኩን እያለበሰችው።

"አባቷን እኮ ነው የጠየቀችኝ። ከየት ላምጣላት?"

ሲነጋም ዝናቡ አላቆመም። ያቆመው የዱባለ ሳል ነበር።

ረፋዱ ላይ አስከሬኑን የሚያነሳ የማዘጋጃ ቤት መኪና መጣ። አብራ ልትሳፈር ስትል ከመኪናው የወረደው ሰው፣ "ዘመዱ ነሽ?" አላት። አዎ ብትል ይወስዳት ነበር። ቃሉ አፏ ላይ ደረሰ፤ የታጠፈው ብርድ ልብስ ትዝ አላት።

"አይደለሁም" አለች። መኪናው ሄደ። የት እንደቀበሩት እስከ ዛሬ አታውቅም።

ለዱባለ ጡሩምባ አልተነፋም። እድር የለውማ። በላይነሽ ላስቲኩን እርጥቡ መሬት ላይ አነጠፈች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ለቅሶ እንደሚቀመጥ ሰው ተቀመጠች። ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር የሚሄደውን ታክሲ ሊይዝ የሚጣደፈው ሰው በአጠገቧ ያልፋል። አንዱ ለልመና የተቀመጠች መስሎት ሳንቲም ጣለላት። የሰፈሩን ለቅሶ ሁሉ ስትደርስ ኖራ፣ የሷን የሚደርስ ጠፋ።

ወደ ማታ ወልደ አማኑኤል ጡሩምባውን በጋቢው ሸፍኖ መጣ።

"ልነፋላቸው አልችልም፣ የእድሩ ንብረት ነው።"

"አውቃለሁ፣ ጋሼ።"

ባርኔጣውን አወለቀና ላስቲኩ ላይ አጠገቧ ቁጭ አለ። "እግዜር ያጥናሽ" አላት። ኋላ በሥራው ልማድ፣ "የአባታቸው ስም ማን ነበር?" ብሎ ጠየቃት።

በላይነሽ አሰበች። ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ላስቲክ ሥር አድረው አልጠየቀችውም።

"አላውቅም" አለች። "መዋሸት እንደማይችሉ ብቻ ነው የማውቀው።"

እንግዲህ ልጆቼ፣ ማለዳ ጡሩምባ ስትሰሙ ለተጠራው ሰው አማትቡ፤ ደግ ነው። ከዚያ ግን አንድ አፍታ ዝም በሉና፣ ሳይጠራ የሄደውን ዱባለንም አስቡልኝ።