አጠራጣሪ ጥሪ

ሦስቴ፣ ሦስቴ ደውለዋል ይለኛል ሞባይል ሠሪው፣ እንዴት ተደርጎ እላለሁ፣ ስልኩ ከጉያዬ ወጥቶ አያውቅ፣ ሽንት ቤት እንኳ ይዤው ነው የምገባው፣ ማዘር ይሄ ቀይ ቀዩ ታዲያ ምን መስሎሽ ነው፣ ማስታወቂያ ነዋ፣ ማስታወቂያ መስሎኝ በጣቴ ጠረግ ጠረግ ሳደርገው ነው የሰነበትኩት፣ ማክሰኞ አንዴ፣ ረቡዕ ሁለቴ፣ ዛሬ አርብ ነው። አርብ። የጎረቤቴ ልጅ ሎጋዋ ደግሞ ጠዋት ጠዋት በሬ ላይ ቆማ እትዬ ለሥራው ደወሉ እንዴ፣ አልደወሉም የኔ ልጅ፣ ሲደውሉ እየሮጥኩ አመጣልሻለሁ፣ ፈገግ ብላ ትመለሳለች፣ ያቺ ፈገግታ።

አጠራጣሪ ጥሪ ነው የሚለው ጽሑፉ፣ እሱ ነው ያነበበልኝ። እኔም ፊደል አላጣሁም፣ ግን ረዘም ያለ ቃል ሲመጣ መነጽሬን የት እንዳስቀመጥኩ ሳስብ ቃሉ ያልፋል። ስልኩን የገዛሽው ከነባሩ የስልክ መሥሪያ ቤት ነው አይደል ይላል፣ ነው፣ የአዲሱ መሥሪያ ቤት ስልክ ደግሞ አጭር ቁጥር ነው፣ ያንቺ ስልክ እሱን ሲያይ ሌባ መስሎት ድምፁን ያፍነዋል። ታዲያ ማንን ልክሰስ? መስመሩን ብትጠይቂ ጥፋቱ የስልኩ ነው ይሉሻል፣ ስልኩን የሠሩትን ብትጠይቂ የመስመሩ ነው ይላሉ፣ ይስቃል እሱ፣ ጥርሱ ንጹሕ ነው፣ እኔ አልሳቅሁም። ውድ ደንበኛችን እንኳን ደስ ያለዎት ዕድለኛ ሆነዋል የሚለው ገና ሳይነጋ እየጮኸ ይቀሰቅሰኛል፣ የወንድምዎ ልጅ ሆስፒታል ነው የሚስጥር ቁጥርዎን ይላኩ ያለኝ ቀጣፊ ጥርት ብሎ ነው የገባልኝ፣ ወንድምም የለኝ፣ እሱን አልጠረጠረውም፣ የሰው እንጀራ ይዞ የመጣውን ነው የጠረጠረው።

ወደ እነሎጋዋ ቤት መንገዱ ዛሬ ረዘመብኝ፣ በቀኝ የነባሩ የሲም ሻጮች ጥላዎች፣ በግራ የአዲሱ ጥላዎች፣ ሁለቱም ድምፅ ማጉያቸውን ወደ እኔ አዙረው ይጮኻሉ፣ ወደ እኛ ይምጡ፣ ከእኛ አይሂዱ፣ ካናቴራ የለበሰች ልጅ ወረቀት ትሰጠኛለች፣ ማዘር ቁጥርዎን ሳይቀይሩ መሻገር ይችላሉ፣ ተሻግሬልሻለሁ እናቴ፣ ሁለቱንም ሲም ይዤ የምዞር ሴት ነኝ። የስልክ ሱቁም ይለፈልፋል፣ ይሄኛው ባለ ሦስት ካሜራ፣ ያኛው ባለ አራት፣ አራት ዓይን ለምን ይሆናል፣ እኔ በሁለቱ ያየሁት ነው እዚህ ያደረሰኝ።

ሁለት ሲም መያዜ ነው ጉዱ። ሎጋዋ ስድስት ዓመት ነባሩ መሥሪያ ቤት የደንበኞችን ስልክ ስታነሳ የኖረች ልጅ ናት፣ ኔትወርክ ጠፋ እያለ አገር የሚሰድበው እሷን ነው፣ እናቷን ሳይቀር፣ እሷ ደግሞ ስላስቸገርንዎ ይቅርታ እንጠይቃለን፣ አንድ ቀን እኔም ደውዬ አፌ እንዳመጣ ተናገርኩ፣ እናንተ ሌቦች ምናምን፣ ዝም ብላ አስጨረሰችኝና እትዬ እኔ ነኝ አለች፣ ጎረቤቴ የወለደቻት፣ ቁመቷ በሩን ጎንበስ እያለች እንድትገባ ያደረጋት፣ እኔ ዳይፐር የቀየርኩላት፣ ማታ መጥታ ስንስቅ እንባችን መጣ። እና ባለፈው ሳምንት አዲሶቹ ዘንድ ለፈተና ቀረበች፣ በድብቅ፣ የሷ ስልክ የመሥሪያ ቤት ነው፣ የእናቷም መስመር የሠራተኛ ቤተሰብ ተብሎ ከዚያው የተሰጠ ነው፣ ማን ከማን ጋር እንዳወራ ያያሉ ትላለች፣ ስለዚህ የእርስዎን የአዲሱን ሲም ቁጥር ልስጣቸው፣ ስጪያቸው የኔ ልጅ፣ ለማንም እንዳይናገሩ እትዬ፣ እኔ? ለማን ብዬ።

ለማን ብዬ። ለሞባይል ሠሪው ብዬ።

ያን ቀን የስልኬን መስታወት እየቀየረልኝ ነበር፣ ዱካዋ ላይ ተቀምጫለሁ፣ በትንሿ መፍቻ እያንዳንዷን ብሎን ሲፈታ ዝም፣ ሲያጠብቅ ዝም፣ ዝምታ ደግሞ ያሳክከኛል፣ ሰፈሩ ውስጥ ምን አዲስ ነገር አለ ማዘር አለ፣ ምንም ብዬ መነሳት ይቻል ነበር እኮ፣ ምንም፣ አንድ ቃል ናት። ሎጋዋ ወደ አዲሶቹ ልትሻገር ነው፣ ለማንም እንዳትናገር ግን አልኩት፣ ደግሞ ኩራት ኩራት አለኝ፣ ራሴ የቀጠርኳት ይመስል። ያለፈው ሳምንት ሐሙስ ነባሮቹ የስንብት ወረቀት ሰጧት፣ የድርጅቱን ጥቅም በሚጻረር ተግባር ምናምን፣ መስመሯን ቆረጡት፣ ስልኩንም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ወጣች፣ ባዶ እጇን። ሌላ ሰው ነው የነገረባት ብዬ ራሴን ሳታልል ሰነበትኩ፣ መቼም አፍ ያለኝ እኔ ብቻ አይደለሁ፣ ዛሬ ግን እሱ ራሱ፣ ከስልኬ ቀዳዳ አቧራውን እፍ እፍ እያለ፣ ለአለቃዋ እኮ እኔ ነኝ ያጫወትኩት፣ መስታወት ሊያስለጥፍ መጥቶ፣ ለጨዋታ ያህል ነው፣ ክፋት አልነበረኝም ማዘር። ክፋትማ እኔስ መች ነበረኝ። ክፋት ቢኖረኝ ይሻል ነበር፣ ቢያንስ ስናገር ይታወቀኝ ነበር።

ፀጉር ሠሪዋ ቤት ደርሻለሁ፣ ቀና አልልም፣ ቀና አልኩ። በሩ ላይ ቆማ ፎጣ ታራግፋለች። ሎጋዋ ለፈተናው ፀጉሯን የተሠራችው እዚህ ነው፣ ስለዚህ እናቲቱ ያወራችው እሷ ናት ብላ ከደመደመች ሰንብታለች፣ ሰላምታ ነሥታታለች፣ ስታያት መንገድ ትሻገራለች፣ ይቺ ደግሞ ትናንት ምን አድርጌያት ነው ብላ እኔን ጠየቀች፣ እኔን፣ ከሰው ሁሉ መርጣ፣ ተያት ልጇ ሥራ ስለፈታች ጨንቋት ነው አልኳት፣ እንዲህ ጥሩ አድርጌ፣ ሽማግሌ መስዬ። እንደምን አደርሽ ትለኛለች አሁን፣ ደህና፣ ደህና ነኝ፣ እቸኩላለሁ።

ቀዩን ሁሉ አጥፍቶ አልደወሉም ማለት ይቻላል። የቱ ጋ ሲነኩት እንደሚጠፋ ግን አላውቅም። ዋሽቼ ልደር ብል እንኳ ለመዋሸትም ሞባይል ሠሪው ጋ መመለስ ሊኖርብኝ ነው።

የእነሎጋዋ በር ገርበብ ብሏል፣ እናቲቱ አልጋው ጫፍ ላይ የመጋረጃ ጠርዝ በመርፌ ትጠቅማለች፣ ሎጋዋ ያንን ነጭ ሸሚዝ ለብሳለች፣ የፈተናውን፣ በየቀኑ አጥባ ተኩሳ ትለብሰዋለች፣ ድንገት ደውለው አሁን ነዪ ቢሉኝ ብላ። ደወሉ እንዴ አንቺ ትላለች እናቲቱ፣ መርፌውን በጥርሷ ይዛ፣ ደውለዋል እላለሁ፣ ሦስቴ፣ ስልኩ ሌባ መስሎት ደብቆብኝ ነው፣ ማንበብ አቅቶኝ ነው፣ ማስታወቂያ መስሎኝ ነው፣ ሁሉንም አንድ ላይ አዝረከረክሁት፣ ልጅቷ አልተቆጣችም፣ ይስጡኝ እትዬ ብላ ተቀበለችኝና መልሳ ልትደውል ቀዩን ነካችው።

ባትሪው ሊያልቅ ነው። እናቲቱ ቻርጀር ታመጣለች፣ ቀዳዳው ላልቷል፣ በአውራ ጣት ጫን ካላሉት አይገባም፣ እንዴት እንደሚያዝ የማውቀው እኔ ነኝ፣ አልጋው ላይ መሐላቸው ተቀመጥኩና ያዝኩት። ልጅቷ ድምፁን ከፍ አድርጋዋለች፣ ሙዚቃ፣ ጥሪዎ ለእኛ ክቡር ነው እባክዎ በትዕግሥት ይጠብቁ፣ ሙዚቃ። ብዙ ሰው አለ ማለት ነው ትላለች ሎጋዋ፣ እኛም ጋ እንደዚህ ነበር፣ ሰው እየጠበቀ የሚያወራውን እንሰማው ነበር እኮ፣ ትስቃለች፣ እናቲቱም ሳቀች፣ እኔ ቻርጀሩን ጫን አድርጌያለሁ። ቦታው ተይዞ ይሆን? ከረቡዕ እስከ አርብ ማን ይጠብቃል። ሙዚቃው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ያቺን ፀጉር ሠሪ ምላሷን ይቁረጠው ትላለች እናቲቱ፣ ተረጋግታ ነው የምትናገረው፣ የመጋረጃውን ክር እየሳበች፣ ልጄን በባዶ ሜዳ ጥላት እሷ ፎጣዋን ታራግፋለች፣ አንቺ ባትኖሪ ማን ነበረን፣ አለችና ነፃ የነበረውን እጄን ያዘችው፣ እጇ ይሞቃል፣ ሠላሳ ዓመት የማውቀው እጅ፣ ጥሪዎ ለእኛ ክቡር ነው፣

እሷ አይደለችም እላለሁ።

ምን አልሽ?

ፀጉር ሠሪዋ አይደለችም፣ እኔ ነኝ፣ ለሞባይል ሠሪው የነገርኩት እኔ ነኝ፣ እሱ ነው ለአለቃዋ የነገረው።

ሙዚቃ። እጄን አልወረወረችውም፣ ቀስ ብላ አልጋው ላይ አስቀመጠችው፣ የሰው ዕቃ እንደሚመልሱ፣ ተነስታ መስኮቱ ጋ ሄደች፣ ጀርባዋ ብቻ ነው የሚታየኝ። ሎጋዋ ታየኛለች፣ ከላይ ወደ ታች፣ አፏ ሊከፈት ነው፣ ይከፈት፣ ያገር ስድብ ሁሉ ስድስት ዓመት ተከማችቶባት የለ፣ ታውርደው፣ እዚሁ ነኝ፣ ሙዚቃው ቋ ብሎ ተቆረጠ፣ ሄሎ የሚል ሰው፣ እውነተኛ ሰው፣ እሷ ጣቷን ወደ እኔ ቀና አደረገች፣ ቆዩ ማለት ነው ዝም ይበሉ ማለት ነው አላወቅሁም፣ ድምፏ ተለወጠ፣ ለስድስት ዓመት የማታውቀው ሰው ሁሉ የሰማው ያ ለስላሳ ድምፅ፣ ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አረፈዱ፣ ደውላችሁልኝ ነበር። ተነስቼ መውጣት ነው የሚገባኝ፣ ማንም ቁጭ በይ አላለኝም። ብነሳ ቻርጀሩ ይለቅና ስልኩ ይጠፋል። አልነሳም፣ እንዳይለቅ ጫን፣ ጫን አድርጌ፣ አዎ እኔ ነኝ ትላለች፣ አዎ፣