በረሮ የሞተበት ካሜራ

ምንይሉ ትልቁን ካሜራ የሚያጸዳው በምራቁ ነበር። አውራ ጣቱን ይልስና ሌንሱን ያሻል፤ ከዚያ በሸሚዙ ጫፍ ያደርቀዋል። ካሜራው ትከሻ ላይ የሚወጣ፣ በካሴት የሚሠራ አሮጌ ዕቃ ነው። መሥራት ካቆመ አራት ዓመት አልፎታል፤ የሆድ ዕቃውም ተፈታትቶ ተሽጧል። ምንይሉ ግን አልጣለውም። ቀይ አምፖል ፊቱ ላይ ገጠመለት፤ ባትሪ አሰረለት። ቁልፉ ሲጫን አምፖሉ ይበራል። ያየ ሁሉ እየቀረጸ ነው ይላል።

የሚቀርጸው የእኔ ነበር። አክስቴ ከዱባይ የላከችልኝ፣ በአንድ እጅ የምትያዝ፣ መስታወት አልባ ከሚባሉት ትናንሽ ካሜራዎች አንዷ። ምስሉን የሚቀበለው ቁራጭ፣ እኛ ሴንሰር የምንለው፣ የአውራ ጣቴን ጥፍር ያህላል። ሥራው እንዲህ ነበር የሚሄደው፦ ምንይሉ ትልቁን ትከሻው ላይ ጭኖ መሐል ይቆማል፤ እኔ ጥግ ጥጉን እየሄድኩ ሠርጉን እቀርጻለሁ። ሰው ሁሉ ለእሱ ፈገግ ይላል። ፊልሙ ሲታይ አንድም ሰው ወደ ካሜራው አይመለከትም፤ ደንበኞቹ ግን ይህን ጠይቀው አያውቁም።

ጊዜው 2008 ዓ.ም. ነው። ስቱዲዮው ሰኞ ገበያ፣ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ በላይ ነበር። ደሴ ውስጥ ሠርግ ያለው ሰው ደረጃውን ወጥቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ “ትልቁ ይመጣል?” ካልመጣ ጎረቤት ምን ይላል? የእኔን ሲያዩ ይስቃሉ። የሙያ ጓደኞቻችንም ይስቃሉ።

“አቢጌል፣ ይቺ ካሜራሽ ጡት የምትጥለው መቼ ነው?”

“ተዋት፣” ይላል ምንይሉ፤ “ዕድሜዋ አጭር ነው። ኢንተርኔት ላይ አንብቤያለሁ፤ የትንሽ ሴንሰር ነገር አክትሟል። ፋብሪካዎቹ ሁሉ ወደ ትልቁ እየዞሩ ነው። ሦስት ዓመት አትሰጣትም።”

ትክክል ሊሆን ይችላል። ድክመቷን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ብርሃን ሲያንስ ምስሏ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ግን ሦስት ዓመት አትኖርም በሚላት ካሜራ እየኖረ፣ ከሞተ አራት ዓመት ያለፈውን ተሸክሞ የሚዞረው እሱ ነበር። ይህን አስቤው አውቃለሁ፤ ተናግሬው አላውቅም።

በየካቲት መጨረሻ የምስራች የምትባል ልጅ ስቱዲዮ መጣች። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። በፈረቃ መሐል ስለወጣች ጸጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ ነበር። በዓይን እንተዋወቃለን፤ እሷ በኮምቦልቻ፣ እኔ በደሴ፣ የአንድ ቸርች ልጆች ነን። አልተቀመጠችም።

“የማወራው ስለ አባቴ ነው፣” አለች። “ጉሮሮው ታሟል። ከሠርጌ በኋላ ባለው ማክሰኞ አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን ይሆናል። ድምፁ አይመለስም ብለውናል። ቅዳሜ ጠዋት እዚሁ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ ከቤት ሲሸኘኝ ይመርቀኛል። ኬኩም ይቅር፣ መናፈሻውም ይቅር፤ የአባቴን ድምፅ ብቻ ያዙልኝ።”

“አብሽሪ!” አለ ምንይሉ፤ ትልቁን ካሜራ በመዳፉ መታ መታ አደረገው። “ይሄን ነው ይዤልሽ የምመጣው።”

የምስራች ካሜራውን አየችው፤ ትከሻዋ ዝቅ አለ፤ ተነፈሰች። እኔ የራሴን ካሜራ ማሰሪያ አጠላለፍኩ። ቅዳሜ አባቷ አጠገብ እቀመጣለሁ፣ ማይክራፎኗን ኮታቸው ላይ እሰካለሁ፤ ማን እንደቀረጸው ምን ያደርጋል? ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ቅዳሜ ጠዋት የእነ የምስራች ሳሎን ውስጥ ሰው እንደ ሳርዲን ተጠቅጥቋል። ሙሽራዋ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካለች። አባቷ ጋሽ አምባዬ፣ ፂማቸውን ተላጭተው፣ ያበጠው አንገታቸው ላይ ከረባት ታስሮላቸው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ምንይሉ ፊት ለፊታቸው ትልቁን አቁሞ አምፖሉን አበራ። እኔ ማይክራፎኗን ይዤ በሰው እግር መሐል ስሾልክ የሙሽራዋ አጎት ጋሽ ማረው ትከሻዬን ያዙኝ። የአስተናጋጆቹ አለቃ እሳቸው ናቸው፤ ደረታቸው ላይ ሪባን አድርገዋል።

“ፎቶ አንሺዋ ትውጣ! መተንፈሻ እንኳ የለም፤ ቪዲዮው ይበቃል!”

ወደ ምንይሉ ዞርኩ። ዓይኑን ምንም በማያሳየው የካሜራው መመልከቻ ላይ ለጥፏል። አንገቱን ቀና ሳያደርግ፣ “ጋሽ ማረው እውነታቸውን ነው፤ ውጪ ጠብቂኝ፣” አለ። “እኔ ይዤዋለሁ።”

አምስት ቃል ይበቃ ነበር፦ እሱ አይሠራም፤ የሚቀርጸው ይሄ ነው። ሠላሳ ሰው ያየኛል። ፊቴ ጋለ። ወጣሁ።

በሩ ተዘጋ፤ መጋረጃው ወረደ። ድንኳኑ ውስጥ እልልታ፣ መንገዱ ላይ የመኪና ጥሩምባ። ካሜራዬን ወደ ተዘጋው በር አዙሬ ቀረጽኩ፤ ሌላ የማደርገው ጠፋኝ። ከውስጥ የሻከረ ነገር ይሰማል፤ ቃል አይሆንም። ከእያንዳንዱ ሻካራ ድምፅ በኋላ ሠላሳው ሰው “አሜን!” ይላል። አንዴ ደግሞ የምንይሉን ድምፅ ለየሁት፦ “ወደዚህ ጋሼ፣ ወደ ቀይዋ ይዩልኝ!” ከዚያ እንደገና አሜን። አሥራ አራት አሜን ቆጠርኩ። የያዝኩት እነዚያን ብቻ ነው።

ኮምቦልቻ፣ ግብዣው በተደረገበት አዳራሽ ውስጥ ምንይሉን ያገኘሁት ሲበላ ነው። ጎድን እየጋጠ ነበር። ቅባቱ በአገጩ ወርዶ ሸሚዙ ላይ፣ ጠዋት ሌንሱን ያደረቀበት ቦታ ላይ ያርፋል።

“ምርቃቱ አልተቀረጸም፣” አልኩት።

“ከውጭ ድምፁን አልያዝሽም?”

“አሜኑን ብቻ።”

“ታዲያ አሜኑ ካለ ምን ጎደለ?” አጥንቱን ሳህኑ ላይ ጣለው። “ሽማግሌውን ከሌላ ቦታ ቆርጠን እናስገባለን። ድምፁን እኔ እሞላዋለሁ። ስሚኝማ።” ጉሮሮውን ጠረገ፤ የታመመ ሰው ሆነ። “ልጄ… ውለጂ… ክበጂ… የወለድሽው ይደግ… የዘራሽው ይብቀል…” ከአፉ የሥጋ ፍርፋሪ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። እጁን ዘረጋና በጥፍሩ አንስቶ መልሶ በላው። “እ? አይመስልም? ከሥሩ መዝሙር እንለቅበታለን። ማን ይለየዋል?”

“ልጃቸው።”

“ልጅቷ እያለቀሰች ነው የምታየው። የሚያለቅስ ሰው ደግሞ አይሰማም።”

ዕቃ እጠብቃለሁ ብዬ ወደ ጥጉ ሄድኩ። ትልቁ ካሜራ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ አምፖሉን ማጥፋት ረስቶታል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የካሴት ማስገቢያውን ከፈትኩት። የሚሰነፍጥ የሻገተ ሽታ ወጣ። ክብደት እንዲኖረው ብሎ ጋዜጣና የተቀደደ ካልሲ ጠቅጥቆበታል። ከካልሲው ላይ አንድ በረሮ በጀርባዋ ተኝታ ደርቃለች፤ እግሮቿን ወደ ላይ አጥፋለች፤ ከሥሯ ጥቁር አዝሙድ የሚያህሉ እንቁላሎች ተጣብቀዋል። ጋሽ አምባዬ ቀሪ ድምፃቸውን የሰጡት ለዚህች ነው። ዘጋሁት፤ እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ።

እሑድ ቸርች አልሄድኩም። ሰኞ ንጋት ላይ ጋሽ አምባዬ ወደ አዲስ አበባ ይነሳሉ፤ የቀረኝ ያቺው ቀን ነበረች። ሆጤ ስደርስ ጋሽ ማረው የድንኳኑን ሸራ እያጠፉ ነበር። መብራት ጠፍቷል። ሳሎኑ ከፊል ጨለማ ሆኖ ጋሽ አምባዬ በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

ቆሜ ነገርኳቸው። አንዱንም አላስቀረሁም፤ በረሮዋን ብቻ ዘለልኳት።

“ምን ትላለች ይቺ?” አሉ ጋሽ ማረው ሸራውን እንደያዙ። “ቀይ ሲያበራ አልነበረም እንዴ? በዓይኔ አይቻለሁ እኮ!”

“አምፖል ነው ጋሽ ማረው። አምፖል ብቻ ነው።”

ጋሽ ማረው እኔን አዩ፤ ካሜራዬን አዩ፤ ያስወጡኝን በር አዩ። ሸራው ከእጃቸው ወደቀ፤ ሳያነሱት ወጡ።

ጋሽ አምባዬ ሲናገሩ ድምፃቸው የብረት ምጣድ በአሸዋ ሲፈተግ ይመስል ነበር።

“ወደ ቀይዋ እዩ አለኝ። አየሁ። ዓይኔን ከዚያች አምፖል ሳልነቅል ጨረስኩት።” አፋቸውን በመሐረብ ጠረጉ። “ልጄን እኮ ሳላያት ነው የመረቅኋት።”

“ይድገሙልን ጋሼ። እኔ ዛሬ በደንብ እይዛለሁ።”

“ምርቃት አይደገምም። ከአፍ ወጥቷል፤ ወደ ሄደበት ሄዷል። ደግሞ እሷ የለችም፤ እጄን የት ላሳርፍ ነው?” ወደ ካሜራዬ በአገጫቸው ጠቆሙ። “በዚህች ላይ?”

መሄድ ነበረብኝ፤ ግን አልሄድኩም።

“ይቺ ነች የምትሠራው?” አሉ ቆይተው። “ይቺ የጨው ዕቃ የምታህለው? ምን ትሰማለች?”

የጆሮ ማዳመጫውን አደረግኩላቸው፤ ማይክራፎኗን ኮታቸው ላይ ሰካሁ፤ መቅረጽ ጀመርኩ። ብርሃኑ ደካማ ስለነበር ምስሉ ወዲያው አሸዋ ሆነ። ወደ መስኮቱ እንዲዞሩ ለመንኳቸው፤ ከዚያ ቀረብኩ፤ ጉልበቴ ጉልበታቸውን እስኪነካ ቀረብኩ። በዚህች ካሜራ ጨለማ ውስጥ ለመሥራት መቅረብ ግድ ነው፤ ሌላ ዘዴ የላትም።

“እሺ፣ አሁን ምን ልበል?” አሉና የራሳቸውን ድምፅ በጆሯቸው ሰሙ። ደነገጡ። ማዳመጫውን በሁለት እጃቸው ያዙት። “ይሄ… ይሄ እኔ ነኝ?”

“እርስዎ ነዎት።”

“ኤጭ!” ፊታቸው ኮምጣጤ እንደቀመሰ ሰው ተጨማደደ። “ይሄ ነው ድምፄ? በዚህ ነው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ‘የሙሺ፣ በሩን ዝጊ’ እያልኩ የጮህኩባት? ምስኪን! እንኳን ዳርኳት! ኤጭ፣ ኤጭ!” ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ ተመልሶ ሳቅ ሆነ፤ እንባቸው በተላጨ ጉንጫቸው ወረደ። ከዚያ እጃቸውን አነሱ፤ ማዳመጫው ወለቀ። “በቃ፤ አጥፊው።”

አንድ ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰከንድ ነው።

ሰኞ ስቱዲዮው ሄጄ የራሴን ባትሪዎች ሰበሰብኩ። ምንይሉ “የጋሽ አምባዬን” ድምፅ ሊቀዳ በሩን በብርድ ልብስ ሸፍኖ ነበር።

“ድምፁን ብትቀዳው ለየምስራች እነግራታለሁ፣” አልኩት።

“ንገሪ! ያለ እኔ ማን ይጠራሻል? ይቺን አንጠልጥለሽ ስትገቢ ለመብላት የመጣች ዘመድ ነው የሚሉሽ።” አውራ ጣቱን ላሰ፤ ወደ ሌንሱ ዞረ። የዚያ ሳምንት ቅዳሜም ሠርግ ነበረው። በዚያው ሳምንት ሁለት ሰው ደወለልኝ፤ ሁለቱም ትልቁ እንዳለኝ ጠየቁኝ፤ የለኝም ስል ሁለቱም ዘጉት።

ረቡዕ መልስ ነበር። የምስራች ከባሏ ጋር ሆጤ መጣች። አባቷ ኦፕራሲዮኑ አልቆላቸው አዲስ አበባ ተኝተዋል። ጓዳ ወስጄ ነገርኳት። መጀመሪያ የተዘጋውን በር አሳየኋት። አሜኖቹን አንድ በአንድ ሰማች። ከአሥራ አራተኛው በኋላ ቀና ብላ አየችኝ።

“አንቺ እያወቅሽ ነው የወጣሽው?”

“አዎ።”

“ለምን አልተናገርሽም?”

“አፈርኩ።”

“አፈርሽ፣” አለች። የተበላሸ ሥጋ ከአፏ እንደምትተፋ ነው የተናገረችው። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ብሎኛል፤ እንደዚያ ያለ አልሰማሁም። ልክ ነበረች።

“ሌላ አለ፣” አልኩ። “ምርቃት አይደለም።”

ማዳመጫውን ነጥቃ አደረገችው። አጫወትኩላት። ከንፈሯ ጥብቅ እንዳለ ቆየ። “የሙሺ” ሲሉ ዓይኗን ጨፈነች። “ኤጭ” ሲሉ ግን ከአፍንጫዋ አንድ ድምፅ አመለጣት፤ እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁም፤ ትሰማ ግን ነበር። እያንዳንዱን ትሰማ ነበር።

አለቀ። ማዳመጫውን አላወለቀችም። እኔንም አላየችኝም።

“ድገሚው፣” አለች።